ስድስተኛው ፊርማ

አማካሪዋ ሞተው የተገኙት ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በቢሯቸው ወለል ላይ፣ በቀኝ እጃቸው የእንጨት ማስመሪያ እንደጨበጡ ነበር። በሩ አልተቆለፈም። እጀታው ላይ ግን ክብ ካርቶን በክር ተንጠልጥሏል፤ አንድ ፊቱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ። ወደ ውጭ የዞረው ቀዩ ነበር።

የግቢው ክሊኒክ ሐኪም አስከሬኑን አይቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «የገደላቸው አስም ነው» አላት መርማሪዋን። «ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብሯቸው የኖረ በሽታ ነው። ወደ አፋቸው የሚነፉት መድኃኒት ደግሞ ይኸውና በሩ ጀርባ በተሰቀለው ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ሦስት እርምጃ አይሞላም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን ትቶ ማስመሪያ ያነሣል እንዴ?»

«አያነሣም» አለች መርማሪዋ።

ይህች መርማሪ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ቲቸር» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ የሚደፍር ግን የለም። ስልሳ ልጅ ፊት ቆሞ የትኛው ማስቲካ እንደሚያኝክ ያወቀ ሰው፣ አዋቂ ውሸታም አያስቸግረውም ብላ ታምናለች። እስከ ዛሬም አላፈረችበትም።

ቢሮውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ሟቿ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የሁለተኛ ዲግሪ አማካሪ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ራሳቸው መምህራን ናቸው፤ ግማሾቹ የልጅ ልጅ ያዩ። ሴትዮዋ ግን ሁሉንም እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር የሚይዟቸው። ጥሩ ምዕራፍ ለጻፈ የወርቅ ኮከብ ይለጥፉለታል። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ድብልብል ፊደል የጻፉት «የክፍላችን ሕግ» ተሰቅሏል፤ ሰባት መስመር ነው። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ተንበርክካ የጠረጴዛውን እግር በጣቷ ዳበሰች። እንጨቱ በቅርቡ ተመትቶ ስርጉድ፣ ስርጉድ ብሏል።

በሩ ጀርባ ሁለት ሚስማር አለ። አንደኛው የልጅ ትከሻ በሚደርስበት ቁመት ተመትቷል፤ እዚያ ላይ ጃንጥላቸው በማንጠልጠያው ተሰቅሏል። ሌላው ከራስ በላይ ነው። ጃኬቱ የተሰቀለው በላይኛው ላይ፣ በኮሌታው ነው፤ ማንጠልጠያው ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። በላዩም ከሻንጣ እንደወጣ ልብስ አራት የእጥፋት መስመር ይታያል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ነው። ላብ በላብ ሆኗል፤ እጁ ማረፊያ አጥቷል።

«ጠዋት እኔ ቢሮ ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽሽም» አላት። «ለአሥራ ዘጠኝ ተመራቂ አማካሪ አድርጌ መደብኳቸው። “የሰው ልጅ ነኝ፣ ማተሚያ ቤት አይደለሁም” ብለው ብድግ አሉ፤ ጃኬታቸውን እንኳ ረስተውት ነው የወጡት።»

«ከዚያስ?»

«ከተማሪዎቻቸው አንዱ በበሬ ሲያልፍ አድርስላቸው ብዬ ሰጠሁት። አለቃ ነው የሚሉት። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ መጣሁ። ሦስቱ ተማሪዎች ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመዋል። በሩን ከፈትኩ… ሰማይ ተደፋብኝ።»

«ካርዱ ቀይ ነበር።»

«ኧረ እኔ የካርድ ነገር አላውቅም! እሱ የእነሱ ጨዋታ ነው።»

አለቃ ሃያ ዓመት ርእሰ መምህር ሆኖ የሠራ፣ ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ሰው ነው።

«ጃኬቱን አደረሱ?» ስትል ጠየቀችው።

«አዎ፣ አድርሻለሁ። ወደ አራት ሰዓት ገባሁ፤ ሰቀልኩላቸው። አመሰገኑኝ።» ይህን ሲል የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ያሽከረክር ነበር።

«ከዚያ በኋላ?»

«ከዚያ ካርዱ ቀይ ሆነ፤ ውጭ ተቀመጥን። ቀይ ከሆነ ጣሪያው ቢፈርስም አይገባም። ሕጋቸው ነው።»

ሦስተኛው ሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ቀልደኛው ይሉታል። በዚያች ሰዓት እንኳ አፉ አላረፈም፤ ዐይኑ ግን ቀልቷል።

«አግዳሚው ላይ ሦስት ነበርን። ዝምተኛዋ ጓደኛችን ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔ የባጡን የቆጡን አወራለሁ። አለቃ ደግሞ ጭኑ ላይ ልብስ አጥፎ እንደ ሕፃን እቅፍ አድርጎ ተቀምጧል። “ሞግዚት ሆነሃል፣ አልቅሶ እንዳያስቸግርህ” ብዬው ሳቅን። በጣም ነው የሳቅነው። ከዚያ ዝም አልን።»

«ለምን?»

«ዶክተር፣ አማካሪያችን፣ ተቆጡና።»

«በሩን ከፍተው?»

«ኧረ አልከፈቱም።» ቀልደኛው ትንሽ አሰበ። «ሁለቴ ነው የተቆጡን። በሁለተኛው እንዲያውም ተነሥተን ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄድን።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልቧ የሆነ ነገር ነግሯታል፤ የነገራትን ግን አልወደደችውም።

የመጨረሻዋ ዝምተኛዋ ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ ከሩቅ ትምህርት ቤት የመጣች የአንደኛ ክፍል መምህርት። አንድ ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የምክክር ቅጽ። ከጠረጴዛቸው ላይ አነሣሁት። ይቅርታ፣ ማንሣት አልነበረብኝም።» ወረቀቱን ወደ መርማሪዋ አዞረችው። «የመመረቂያ ጽሑፍ ለማስገባት ስድስት የአማካሪ ፊርማ ያስፈልጋል። አምስት አለኝ። ሬጅስትራር ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። የትምህርት ፈቃዴም ዛሬ ነው የሚያበቃው፤ ሁለተኛ አይሰጠኝም።»

«ስንት ጊዜ መለሱብሽ?»

«አራት ጊዜ።»

«ጠልተሻቸዋል?»

«አንዳንዴ» አለች ሳትዋሽ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «ዛሬ ግን፣ “ያንቺን ልጨርስና ራሴ እጠራሻለሁ” ብለው ጉንጬን ቆንጠጥ አደረጉኝ። ካርዱን ራሳቸው አዙረው ገቡ። አራት ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም።»

«ማንም?»

«ማንም። ዐይኔን ከበሩ አልነቀልኩም እኮ።»

መርማሪዋ ልጅቷን አሰናብታ ከጠረጴዛው ላይ ጽሑፏን አነሣች። በእርሳስ ያልታረመ ገጽ የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ የወርቅ ኮከብ ተለጥፏል። ከሥሩ፣ «አሁን ሆነ! ግቢና ል» የሚል ይነበባል። ከ«ል» በኋላ እርሳሱ ገጹን ቧጥጦ ወርዷል።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ አራቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ያለው ወንበር ሟቿ ለጨዋታ ትምህርት ያመጡት የልጆች ወንበር ነበርና አለቃ ጉልበቱ ደረቱን ነክቶ ተቀመጠ። ዝምተኛዋ ቅጹን ጭኗ ላይ ዘርግታ ሰዓት ሰዓቷን ታያለች።

«ከጃኬቱ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «እኚህ ሴት ጃንጥላቸውን በማንጠልጠያው፣ በታችኛው ሚስማር የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። አጭር ስለሆኑ ላይኛው ላይ እጃቸው አይደርስም። ጃኬቱን የሰቀለው ረጅም ሰው ነው፤ ቸኩሏልም። ልብሱ ደግሞ ከመሰቀሉ በፊት ብዙ ታጥፎ ቆይቷል።» ዞረች። «አለቃ፣ በአራት ሰዓት ሰቀልኩት ብለውኛል። ቀልደኛው ግን ካርዱ ቀይ ከሆነ በኋላ ጭንዎ ላይ አይቶታል፤ እሷም ከአራት ሰዓት ወዲህ ማንም አልገባም ትላለች።»

አለቃ ክው አለ።

«ኃላፊው በሩን ሲከፍት ሁላችሁም ገባችሁ። እሱ ወደ ስልክ ሮጠ፣ ቀልደኛው ውኃ ፍለጋ፣ እሷ መሬት ላይ ተንበረከከች። እርስዎ ጃኬቱን ይዘው ቆመው ቀሩ። ያን ጊዜ እጅዎ ኪሱ ውስጥ ያለውን ነካ።»

«አላወቅሁም!» አለ አለቃ። ያ ሁሉ ቁመት እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ። «በልጆቼ ሞት አላወቅሁም! አድርስ ተባልኩ፣ መጣሁ፣ ካርዱ ቀይ ነው። ቀይ ከሆነ አይገባም፤ እኔም ትምህርት ቤቴ በር ላይ የሰቀልኩት እኮ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መድኃኒታቸውን ታቅፌ ተቀመጥኩ! ሳውቀው… ፈራሁ። ሰቀልኩት።»

«ታዲያ እሱ ነዋ የገደላቸው!» ብሎ ኃላፊው ተነሣ። «ማስረጃ መደበቅ ነው ይሄ!»

«አለቃ ምን አደረገ? አንተ አይደለህ እንዴ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጭነህ ያናደድካቸው!» አለ ቀልደኛው።

«ጋሼ አለቃን ተዋቸው!» አለች ዝምተኛዋ። ሁሉም አንድ ላይ መጮህ ጀመሩ፤ ማን ምን እንደሚል አይለይም።

መርማሪዋ ማስመሪያውን አነሣችና የጠረጴዛውን እግር ሦስት ጊዜ መታችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ሦስቱ ተማሪዎች በአንድ ትንፋሽ ዝም አሉ። ክንዳቸውን በደረታቸው አጣጥፈው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ኃላፊው ብቻውን፣ «…በሕግ ይጠየቃል፣ እኔ…» ሲል ድምፁ ባዶ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ግራ ገብቶት አቆመ።

መጀመሪያ የገባት ዝምተኛዋ ናት። የታጠፈ ክንዷን ቁልቁል አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«የክፍላችን ሕግ፣ አራተኛው መስመር» አለች መርማሪዋ ግድግዳውን ሳታይ። «“ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ አፍ ዝም፣ እጅ በደረት።” ሁላችንም ልጆቹን የምንይዝበት ነው፤ እኔም እጠቀምበት ነበር። ኮከቡን ለጥፈው “ግቢ” ብለው ሲጽፉ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ጃኬቱ የለም። መጮህ አይችሉም፤ ወደቁ። እጃቸው የደረሰው ማስመሪያው ላይ ነው። ከሁለት ክንድ ወዲያ የሦስት ሰው ሳቅ ይሰማሉ። ድረሱልኝ ብለው የጠረጴዛውን እግር አንኳኩ።»

«እኛም ዝም አልን» አለ ቀልደኛው። አፉን በእጁ ያዘ።

«ዝም ስትሉ፣ የሰማቸው የለም ብለው ደገሙት።»

«እኔ ነኝ» አለች ዝምተኛዋ። «እኔ ነኝ ሽሽ ያልኳቸው። ሁለተኛ ሲያንኳኩ “ተቆጡ፣ ፊርማዬን እንዳታበላሹብኝ” ብዬ ጎትቼ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። በእግር ጣታቸው እያስረገጥኩ ነው የወሰድኳቸው፣ ኮቴያችን እንዳይሰማ።»

አለቃ እጁን ልኮ ራሷን ሊዳብሳት ፈለገ፤ አየር ላይ ቀረ። «ልጄ» አለ።

«ታዲያ ማን ነው የሚታሰረው?» ሲል ኃላፊው ጠየቀ።

«እኔም እሱን ነው ከቀትር ጀምሮ የማስበው» አለች መርማሪዋ። በዕድሜዋ ብዙ ገዳይ ይዛለች። «አለቃ ጃኬቱን ለመስቀላቸው ቃላቸውን ይሰጣሉ። ለሌላው አንቀጽ የለኝም። የተባሉትን ስላደረጉ የሚከሰሱበት ሕግ አላውቅም።»

ከዚያ የጽሑፉን የመጨረሻ ገጽ ለኃላፊው ዘረጋችለት። «ይህን ያንብቡ። ጨርሰውላታል። “ግቢና ልፈርምልሽ” ሊሉ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። እርስዎ ይፈርሙላት፣ እኔ እመሰክራለሁ።»

ኃላፊው ገጹን አየ። ኮከቧን በጣቱ ነካት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። «ቅጹ የሚለው የአማካሪ ፊርማ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ብፈርም ሬጅስትራር ይመልሰዋል፤ ባለፈው ዓመትም መልሷል። አዲስ አማካሪ የሚመድበው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ደግሞ በሚቀጥለው ወር። ምን ላድርግ? ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?»

«ይሞክሩት» አለች መርማሪዋ። ትእዛዝ ለመምሰል የሞከረ ልመና ነበር።

«ይቅር» አለች ዝምተኛዋ። ቅጹን በሥርዓት አጥፋ ከሟቿ ጠረጴዛ ላይ፣ ሴትዮዋ ለፊርማው ከፍተው ካስቀመጡት እስክሪብቶ አጠገብ መለሰችው። «ቢፈረምልኝስ እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ?»

ኮሪደሩ ላይ የሬጅስትራር በር ሲቆለፍ ተሰማ። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም።

«ቲቸር» አለቻት ዝምተኛዋ። መርማሪዋን በዚያ ስም ፊት ለፊት የጠራት ሰው የለም፤ አልተቆጣችም። «ሰኞ ጠዋት አርባ ስምንት ልጆች ይጠብቁኛል። ይንጫጫሉ። ምን አድርጌ ነው ዝም የማሰኛቸው?»

ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረችው መርማሪ ማስመሪያውን አነሣችና ጠረጴዛውን እንዳይነካ ተጠንቅቃ የማስረጃ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።