ጉንጬ የተማረችው ሰላምታ

«ምን አለች?» አለች ጉንጬ፣ ከቀሚሷ ጫፍ የባሕር ውሃ እየጨመቀች።

የጠየቀችው ኩኩን ነበር። ረጅሟ የክፍሏ ልጅ ያለችው «ይቺን ድንኳን ነፋስ ነው ያመጣት?» ነበር። ጓደኛዋ ባለመነጽሯ አሸዋው ላይ ተንጋላ እየተንከተከተች ነው። ጉንጬ ደግሞ ውሃው ውስጥ እንደ ፊኛ የተነፋባትን ረጅም የጥጥ ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ መልስ ትጠብቃለች። እዚያ ከነበሩት አማርኛንም የአገሩንም ቋንቋ የምታውቀው ኩኩ ብቻ ናት።

«ቀሚስሽ ያምራል አለች።»

«ውይ! እናቴ ናት የሰፋችልኝ በያት። አመሰግናለሁ በያት።»

ኩኩ ወደ ረጅሟ ዞረችና በአገሩ ቋንቋ፣ «ከዚህ ሌላ ልብስ የለኝም ትላለች» አለቻት። ሁለቱ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ጉንጬም አብራቸው ሳቀች።

የመጀመሪያውን ውሸት ኩኩ የዋሸችው የአክስቷ ልጅ እንዳይከፋት ብላ ነው። ሁለተኛውን ግን ለዚያ ብላ እንዳልሆነ ራሷም ታውቀዋለች።

ቤተሰቧ ወደዚህ ሞቃት የባሕር ዳር ከተማ ሲመጣ ኩኩ ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር። አባቷ የሆቴሎችን ኤር ኮንዲሽነር ይጠግናል፤ እናቷ ከአንዱ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች። የራሳቸው ቤት ያለው አንድ አሮጌ ቬንትሌተር ብቻ ነው። «አገሩን ሁሉ አቀዝቅዤ እኔ ተቀቀልኩ» እያለ አባቷ ይስቃል። ኩኩ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ አፏን የከፈተች ቀን ረጅሟ አነጋገሯን ቀድታ ሙሉ ወሰነ ትምህርቱን ሙድ ስትይዝባት ከረመች። ኩኩ ቀስ በቀስ አነጋገሯን አስተካከለች፤ እንደነሱ መናገር ቻለች። አጠገባቸው ነይ ብሎ የጠራት ግን አልነበረም።

አክስቷና ጉንጬ ለዕረፍት ሲመጡ ኩኩ አልጋዋን ለቃ መሬት ላይ ተነጠፈላት። እናቷ ፈቃድ ወስዳ፣ እህቷን ባሕር ለማሳየት ላይ ታች ትል ነበር። ጉንጬም በየደቂቃው «ኩኩዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ኩኩዬ፣ ያ ምን ይባላል?» እያለች ትከተላታለች። ቀሚሱ ባሳቃቸው ቀን ከሰዓት ረጅሟ ምንጣፏን እየጎተተች መጥታ ከኩኩ ምንጣፍ ጋር አገጣጠመችው። «ነገም ይዘሻት ነይ» አለች። ኩኩ ወደ ቤት ስትሄድ ልቧ በደስታ ይዘል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉንጬ ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ «ሰው አገር መጥቼ እንደ ግንድ ከምገተር ሰላምታ እንኳ አስተምሪኝ እንጂ» አለቻት። «‘እንደምን ናችሁ፣ ስላገኘኋችሁ ደስ ብሎኛል’ ምን ይባላል?»

ኩኩ አስተማረቻት። ያስተማረቻት ግን «እኔ ላም ነኝ፣ ሣር ስጡኝ» የሚል ነበር።

ጉንጬ ትጉህ ተማሪ ናት። ሰውነቷን እየታጠበች፣ ደረጃ እየወረደች፣ ጫማዋን እያሰረች ደጋግማ አጠናችው። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ላገኘችው ሁሉ ትለው ጀመር። ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ሳቀ። የሕንጻው ሽማግሌ ዘበኛ ሳቀ። ባሕሩ ዳር ረጅሟ በስልኳ ቀርጻት ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ላከችው፤ ከዚያ ወዲያ ጉንጬን የሚጠራት ሁሉ «ላሟ» ይላት ነበር።

«የዚህ አገር ሰው እንዴት ሳቂታ ነው!» አለች ጉንጬ ለእናቷ። «ሰላም ስትያቸው እንኳ ጥርሳቸው አይከደንም።»

ቀልዱ ባሕሩ ዳር ቢቀር ኖሮ ምናልባት ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር። የኩኩ እናት ግን እህቷን ለሥራ ባልደረቦቿ ማስተዋወቅ ፈለገች። አክስቷ የክት ልብሷን ለበሰች፤ ኩኩ ራሴን አሞኛል ብትልም የሰማት የለም፤ አራቱም ሄዱ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። አንሶላ እንደ ተራራ ተከምሯል፤ ሴቶቹ ከትልቁ መተኮሻ ግራና ቀኝ ቆመው ይጎትታሉ። ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለችው አለቃ እጇን እየጠራረገች መጣች። ኩኩ ከእናቷ ጀርባ ሆና የጉንጬን ክንድ ሳብ አደረገች። «ዛሬ ተዪው» አለቻት በሹክሹክታ።

«እንዴ፣ ለእናትሽ አለቃ ሰላም ሳልል?» አለች ጉንጬ። ወደ ፊት ወጣችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከመቼውም በበለጠ ጥርት አድርጋ፣ ሰላምታዋን አቀረበች።

መጀመሪያ አንዷ ሠራተኛ ፍርፍር አለች። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። አለቃዋ «እምቧ!» ብላ ጮኸች። ከክምሩ አንድ ነጭ ፎጣ መዝዛ፣ ለከብት እንደሚሰጥ አድርጋ ወደ ጉንጬ አፍ ዘረጋችው። «ብዪ እንግዲህ!» አለቻት።

ጉንጬ ስጦታ መሰላት። ፎጣውን በሁለት እጇ ተቀበለችና እጅ ነሳች።

የኩኩ እናት ፊቷ አመድ መሰለ። አለቃዋ ግን ዞር ብላ እያየቻት ነበርና እሷም ሳቀች። ኩኩ እናቷ እንደዚያ ስትስቅ አይታ አታውቅም።

«አየሽልኝ?» አለች አክስቷ፣ የእህቷን እጅ ጭምቅ አድርጋ። «ልጄን እንዴት እንደወደዱልኝ!»

ቤት ሲደርሱ እናቷ ኩኩን ወደ ኩሽና ጠርታ በሩን ገጠም አደረገችው።

«ማን ነው ያስተማራት?»

ኩኩ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ጠፍቶኝ አይደለም። ካንቺ አፍ ልሰማው ብዬ ነው።»

«እማ፣ ቀልድ እኮ ነው…»

«ቀልድ ከሆነ ሳቂያ። ምን ያስለቅስሻል?» እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ነገ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ የእህቴን ልጅ ዓይን እያየሁ አልችልም። እኔም ስቄባታለሁ።»

በማግስቱ ኩኩና ጉንጬ ጣሪያው ላይ ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ጉንጬ ፎጣውን ቀድማ አጥባው ነበር፤ ገመዱ ላይ እየዘረጋችው፣ «ይህን ለማስታወሻ እወስደዋለሁ» አለች። ኩኩ ያን ጊዜ ነገረቻት። ሳታሳጥር፣ ወለሉን እያየች፣ የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም ነገረቻት።

ጉንጬ የፎጣውን ጫፍ ገመዱ ላይ አስተካከለች። ከዚያ በቀስታ መጠየቅ ጀመረች።

«ለዳቦ ሻጩም ያልኩት ይሄንኑ ነው?»

«አዎ።»

«ለዘበኛውስ? ሽማግሌ ናቸው ብዬ እኮ ቆሜ ጎንበስ ብዬ ነው ያልኩት።»

«አዎ።»

«ያቺ ረጅሟ ስለ ቀሚሴ ምን ነበር ያለችው?»

«ተዪው በቃ፣ ጉንጬ።»

«ንገሪኝ።»

«ድንኳን አለችው።»

«እኔ አመሰግናለሁ በያት ስልሽስ አንቺ ምን አልሻት?»

ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር። ኩኩ እሱንም ነገረቻት።

ጉንጬ አላለቀሰችም። ፎጣውን ከገመዱ አውርዳ እርጥቡን ጠቀለለችና የቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ጣለችው። «እናቴ እንዳትሰማ» አለች። «እዚህ መምጣትን ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነው የከረመችው።» ከዚያ ቀና ብላ ኩኩን አየቻት። «እኔ ግን ምን አድርጌሽ ነው?»

ኩኩ መልስ ነበራት። ምንጣፋቸውን ከምንጣፌ ጋር አገጣጠሙልኝ ማለት ነበር መልሱ። አፏ ውስጥ ስታገላብጠው በጣም አነሰባት፤ ዋጠችው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች።

«እሱንስ በትክክል ነው የተረጎምሽው?» አለች ጉንጬ፣ ባዶውን የልብስ ሳፋ አንስታ ደረጃውን እየወረደች።

በቀጣዩ ጠዋት ጉንጬ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ከመጣች ጀምሮ በየቀኑ ዳቦ የምትገዛው እሷ ስለነበረች እናቷን ገረማት። «ምነው የኔ ልጅ፣ ሠፈሩ ሁሉ ወዳጅሽ ሆኖ ዛሬ ሰላም አትያቸውም እንዴ?» አለቻት እየሳቀች። ጉንጬ እናቷን አየችና ፈገግ አለች። ተነስታ ጫማዋን አሰረች። ኩኩም ሳትጠራት ተከትላት ወጣች።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ረጅሟና ባለመነጽሯ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዘው ባንኮኒው አጠገብ ቆመዋል። ሰውዬው ጉንጬን ሲያይ ገና ከሩቁ ጥርሱ ተገለጠ። ረጅሟ በአገሩ ቋንቋ «ላሟ መጣች! በይ እንጂ፣ ሣርሽን ጠይቂ!» አለች፤ ስልኳንም አነሳች።

ጉንጬ ደረቷ ላይ ልታደርግ የለመደችውን እጇን ኪሷ ከተተች። ወደ ኩኩ ዞረች። ጣሪያው ላይ ከተለያዩ ወዲህ ስታናግራት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምን አለች?»

ሁሉም ኩኩን ያያሉ። እንደምን አደርሽ አለችሽ ማለት ይቻል ነበር። የረጅሟ ስልክም ወደ እሷ ዞሯል።

«ላሟ መጣች አለች» አለች ኩኩ። «ሣርሽን ጠይቂ አለችሽ።»

ጉንጬ ጉንጯ እስኪቀላ አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች። ዳቦዎቹን በጣቷ አሳየች፤ ከፈለች፤ ከረጢቱን አቅፋ ወጣች። ሰውዬው ሳቁን አቁሞ የተቀበለውን ገንዘብ ቆጠረ።

«አንቺ! ምን ነካሽ፣ ነይ እንጂ፣ ቦታ ይዘንልሻል» አለች ረጅሟ ከኋላ።

ጉንጬ ከበሩ ውጭ ቆም አለች። «አሁንስ ምን አለች?»

«ነይ እያለችኝ ነው።»

«ሂጂያ ታዲያ» አለች ጉንጬ። ፊቷን አዞረችና መንገዷን ቀጠለች።

ኩኩ ከኋላዋ ስሟ ደግሞ ሲጠራ ሰማች። የዳቦ ቤቱን በር ቀስ ብላ ዘጋችና ያንን ረጅም ቀሚስ ተከትላ ሄደች፤ ጉንጬ አልጠበቀቻትም፤ ኩኩም ጠብቂኝ አላለቻትም።