ከማሳው መሀል የተመረጡት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ አምስት ዓመት፣ በጁላይ ወር፣ የካርሜሎስ እመቤት በዓል በዋለ ማግስት፣ በሰሜን ጣሊያን በቼንቶ ሜዳ ላይ ካናፓው፣ ልጡ ተፈትሎ ገመድና ጨርቅ የሚሆነው ተክል፣ ከሰው ቁመት በልጦ ቆሞ ነበር፤ ጣሊያን ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት ከገጠመች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ባሕር ኃይሉ ገመድ፣ እግረኛው ድንኳን ይሻ ነበርና የባለርስቱ ምስለኔ በየጭሰኛው ደጃፍ እየዞረ ያጣድፍ ነበር። ዛሬ በሌላ ስሙ ካናቢስ ሲባል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ያኔ ግን ያ ተክል የሙሽራ ልብስ፣ የአልጋ አንሶላ፣ የሬሳ መገነዣ ነበር። ደግ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግን የዚያ ሜዳ ሽታ ይናፍቃል።

መበለቲቱ ዴዞሊና በዚያ ማለዳ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሻገረችውን ቦይ ተሻግራ ወደ ጎረቤቷ ወደ አዴልሞ ማሳ ገባች። ባሏ ኦሊንዶ እስኪሞት ድረስ ሃያ ዓመት የካናፓ ዘር ሲመርጥ የኖረ ሰው ነበር። የአገሩ ልማድ ለዘር የሚሆነውን ከማሳው ዳር፣ ከመንገዱ አጠገብ፣ ወፍራም ወፍራሙን እያዩ ማስቀረት ነበር፤ መንገደኛ "ይኼ የማን ነው?" እንዲል። ኦሊንዶ ግን "የዳሩ የወፈረው ፀሐይ ጠግቦ ነው እንጂ በዘሩ አይደለም" ይልና ተጨናንቆ ወደበቀለው ወደ መሀሉ ይገባል፤ ልጡን በጥፍሩ በስሱ ልጦ በአውራ ጣቱ ላይ ይጠመጥምና ይስባል፤ ያልተበጠሰውን፣ አበባውንም ያዘገየውን ብቻ ለዘር ያቆያል፤ ካናፓ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነውና፣ የቀረውን ወንዴ ሁሉ የአበባ ብናኙን ከመርጨቱ በፊት ይነቅለዋል። ያ ዘር ባለፈው መጸው ወንዙ ግድቡን ጥሶ ጎተራዋን ሲያጥለቀልቀው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሰበሰ፤ ዴዞሊናም ሁለተኛ ባሏን የቀበረች ያህል አለቀሰች።

በበዓሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግን ከግድቡ አናት ላይ ቁልቁል ወደ አዴልሞ ማሳ አየች፤ ዳር ዳሩ ሊያብብ ሲል፣ መሀሉ ላይ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ገና አበባ ያልቋጠሩ ተክሎች ነበሩ። አወቀቻቸው፤ የኦሊንዶ ዘር ነበሩ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከነዴዞሊና አውድማ ዘር ጠፍቶ፣ አዴልሞን ሌባ ብላው፣ እሱም ምሎ ክዶ ነበር የተቀያየሙት።

"እንደምን አደሩ፣ ጌታ አዴልሞ?" አለች፣ አክብሮቱን ረገጥ አድርጋ።

"ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች! አንቺ ሴትዮ አፍ አለሽ እንዴ?"

"ለሌባ የሚሆን አላጣሁም።"

"ጀመራት! በደጀ ሰላሙ ቆሜ ምዬልሽ የለም?"

"አንተማ ምለሃል፤ ካናፓህ ግን አልማለም። ና፣ ተከተለኝ።"

መሀሉ ድረስ ወሰደችው። ከአንዱ ግንድ ላይ ልጥ በጥፍሯ ላጠች፤ በአውራ ጣቷ ጠምጥማ ሳበችው፤ ጣቷ ነጣ እንጂ ልጡ አልተበጠሰም።

"ይኼ የአባትህ ዘር ነው?"

አዴልሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "በዚችው ባርኔጣ ሙሉ ነው የወሰድሁት፤ አንዲት ፍሬ አልጨመርሁም። ባልሽ ገበያ መሀል 'አዴልሞ ማገዶ ነው የሚዘራው' ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እልህ ያዘኝ።"

"ሰርቀህም ደግሞ ከዳር እየመረጥህ አበላሸኸው።"

"ዘር የሚመረጠው ከዳር ነው! አባቴም ቢሆን…"

"አባትህም ማገዶ ነበር የሚዘራው።"

ሽማግሌው አዴልሞ ሳይወድ ሳቅ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም።

"አዴልሞ፣ ልለምንህ ነው የመጣሁት። የዳሮቹ ወንዴዎች በሁለት በሦስት ቀን አበባቸውን ያፈነዳሉ፤ ብናኛቸው እነዚህን ካገኛቸው ኦሊንዶ ሞተ። ንቀልልኝ።"

"እሑድ እኮ ምስለኔው ሊያይ ይመጣል! በመንገድ ዳር ያለውን ሁሉ? ማሳዬ ተመልጦ ሲያየው ምን ልበለው?"

"ሰረቅሁ በለው" አለች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ፤ በሌባ ፊት ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

አዴልሞ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ ወደ ዳር ወጣ፤ መንገደኛ ሁሉ ያደነቀለትን ግንደ ወፍራም ጎንበስ ብሎ ከነሥሩ ነቀለውና ቦዩ ውስጥ ወረወረው። እስከ ምሽት አብረው ነቀሉ፤ ዴዞሊና እየጠመጠመች፣ እየሳበች፣ ከመሀል ሰባት ወንዴና ዐሥራ ዘጠኝ ሴቴ መረጠች። ምስለኔው እሑድ መጥቶ አዴልሞን እንደ ልጅ ዘለፈው፤ እሱም መሬት መሬት እያየ ሰማ። በመስከረም ፍሬው ደረሰ፤ እኩል ተካፈሉ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባለርስቱ ከዚያ ዘር በቦሎኛ ከተማ ወደነበረ አውደ ርእይ ልኮ ሜዳልያ ተሸለመ፤ ዘሩም በእሱ ስም ተጠራ። አዴልሞ ይህን በጋዜጣ ሲያነብ ቱግ ብሎ "ሌባ!" አለ።

"ሲሰርቁህ ያማል፣ አይደል?" አለችው ዴዞሊና።

ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ የሚታየው ድንች ነው፤ ገመዱንም ፋብሪካ ከነዳጅ ዘይት ይፈትለዋል። በመዝገብ የሰፈረው የባለርስቱ ስም ነው፤ ማሳው መሀል አንድ ቀን እንኳ ገብቶ የማያውቅ ሰው። ለኦሊንዶ የመሰከረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አዴልሞ እስኪሞት ድረስ በየገበያው፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም፣ "ዘሩ የኦሊንዶ ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ የሰረቅሁት" ይል ነበር።