ያልበጠበጥኩት ቀለም

ስለ ጋኔን፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ሟች ድምፅ ሲወራ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ባሌ ገመቹ «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን የሳቅሽባቸው ይስቁብሻል» እያለ ያስፈራራኛል፣ እኔም «አንተ መጀመሪያ ከድመት መሸሽህን ተው» እለዋለሁ። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ ያቺው ሳቂዋ አስቴር ነኝ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ደግሞ የሆነው በሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ ምሳዬንም በደንብ በልቼ ነበር።

መቱ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለን፣ ገመቹ ሞተር ይፈታል፣ እኔ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ እቀባለሁ። ዓይኔ በቀለም አይታማም፣ ይህን ስል ጉራ አይደለም፣ እሺ፣ ትንሽ ጉራም ይኑርበት።

በዚያ ነሐሴ ጎረቤታችን ጋሼ ቶሌራ አሮጌ የእንግሊዝ ጂፓቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ መኪናዋን ከጉልምስናቸው ጀምሮ ነድተዋታል፣ ከሁሩሙ ገጠር ምጥ የያዛትን ሁሉ ጭነው ሆስፒታል ያደረሱት በእሷ ነው፣ የኔም የመጨረሻ ልጅ ለጥቂት ነው ወንበሯ ላይ ሳይወለድ የቀረው። አሁን ግን አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሌላውም ደፍርሷል። ጅማ ለቀዶ ሕክምና ተቀጥረዋል፣ ሐኪሙም ዓይናቸው ሊበራም ላይበራም እንደሚችል ሳይደብቅ ነግሯቸዋል።

«አስቴርዬ» አሉኝ፣ «ከመሄዴ በፊት ሞተሯን ከፋብሪካ እንደ ወጣች አድርገሽ አሳዪኝ። ኮፈኗን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ያየሁትን ቀለም አንድ ጊዜ ልየውና፣ ከዚያ ዋቃ ያለው ይሁን።»

እንዴት እምቢ ይባላል? ችግሩ፣ በየዘመኑ አንዱ ጋራዥ ብርማ፣ ሌላው ጥቁር ደራርቦበት የፋብሪካው ቀለም ተቀብሯል። ገመቹ ሞተሩን አወረደው፣ ፒስተኑን ምኑን ሁሉ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረና ባዶውን ብረት አጥቦ ሰጠኝ። የድሮ ቀለም የሚፈለገው ፀሐይና ሙቀት ካልደረሰበት ስርቻ ነው፣ እኔም ሞተሩ ላይ የታሰረችውን የቁጥር ሰሌዳ ፈትቼ ከሥሯ ጥፍር የምታህል አገኘሁ፣ የዘይቱን ዛፍ ቅጠል ጀርባ የመሰለች፣ ፈዘዝ ያለች፣ አረንጓዴ ስትሏት ወደ ሰማያዊ የምትሸሽ። በደስታ ልጮህ ነበር። ግን ቀረብ ብዬ ሳያት ለስንት ዓመት ዘይት ስትጠጣ ኖራ ቢጫነት ገብቶባታል፣ ፋብሪካው የቀባው የቱ ነው፣ ዘይቱ ያመጣው የቱ ነው?

ነጩ ላይ አረንጓዴ፣ ጠብታ ሰማያዊ፣ ጠብታ ጥቁር እያልኩ በጠበጥኩ፣ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ እየቀባሁ በከሰል ምድጃ አደረቅሁ። እርጥቡ ልክ ይመስላል፣ ሲደርቅ ጎመን ይሆንብኛል። ጋሼ በማግስቱ ጠዋት መንገደኛ ናቸው፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃን ሳለ፣ መጥተው ሊያዩ ነው። ቢቸግረኝ የተሻለውን መርጬ ብረቱን ቀባሁት። አረንጓዴ። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይወስደው ነበር፣ ጋሼ ግን ያቺን የቀረቻቸውን ዓይን አስጠግተው አይተው፣ እኔን ላለማስቀየም ዝም እንደሚሉ ታወቀኝ። ያ ዝምታቸው ገና ሳይመጣ አስለቀሰኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገመቹ በሩን ቆልፎ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ቤታችን ጎትቶ ምሳ አበላኝ። ተመልሰን በሩን ስንከፍት መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ጠቅ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ቀና አልኩ፣ ደረቅ ነው። ገመቹ ግን ባለበት ደርቆ ቀረ፣ መኪና የምታውቁ ድምፁን ታውቁታላችሁ፣ ዳገት ወጥቶ የቆመ ሞተር ሲቀዘቅዝ እንደዚያ ይላል።

«ማን አስነሳው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«በምኑ ይነሳል? ሆድ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈኸው!»

«በኢየሱስ ስም!» አለና እኔን ወደፊት ገፋኝ፣ ጀግናዬ።

ተጠጋሁ። የጋለ ዘይት ይሸታል። እጄን ሳስጠጋ ወበቁ መጣብኝ፣ ቀለሙም ደርቋል፣ በዚያ ዝናብ ግን እስከ ማግስቱም መድረቁን እንጃ። ደግሞ እኔ የቀባሁት አረንጓዴ አልነበረም፣ ወደ ሰማያዊ የሸሸ፣ ጥርት ያለ፣ ጠዋት ሙሉ ስፈልገው የነበረው ራሱ ነው። ሙቀት ቀለም ይለውጣል ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ከዚያው የቀለም ቆርቆሮ የተረፈውን በቁራጭ ብረት ላይ ቀብቼ፣ ከሰል አቀጣጥዬ አጋልኩት። አረንጓዴ። ደገምኩት። አሁንም አረንጓዴ፣ እመኑኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሼ ቶሌራ በልጃቸው በጫልቱ ተመርተው ገቡ። እኔና ገመቹ ከሞተሩ ገለል አልንላቸው። ጎንበስ ብለው አፍንጫቸው ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ።

«ኢሼዳ!» አሉ። «እሷ ናት! ጫልቱ፣ እሷ ራሷ ናት!» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከዚያ መዳፋቸውን አሳረፉባትና ሳቅ አሉ። «ትሞቃለች እኮ። ማንን ጭናችሁ መጣችሁ?»

«ፀሐይ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ፀሐይ? በነሐሴ? በመቱ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ፣ ሌላም አልጠየቁ።

ከጅማ ሲመለሱ ዓይናቸው አልበራም። እንዳታዝኑ፣ እሳቸውም አላዘኑም፣ «የማልጠግበውን አይቼ ነው የተዘጋው» ይላሉ። ገመቹ ሞተሩን ገጥሞ ከመለሰው ወዲህ በገበያ ቀን ከጎኑ አስቀምጦ ሁሩሙ ያደርሳቸዋል፣ በመስኮት ሰላምታ ሲያዘንቡ ላያቸው ሰው የሚያዩ ነው የሚመስለው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ያመሰግነኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

በቅርቡ ግን ገመቹ መፍቻ አምልጦት ሞተሩን ጫረው፣ ጣት የሚያህል፣ ብረቱ እስኪያበራ። ጋሼ ድምፁን ሰምተው ደነገጡ፣ ቅዳሜ አስተካክላታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው፣ በምን እንደማስተካክል ግን አላውቅም፣ ያለኝ ያው አረንጓዴ ነው። ቅዳሜ ከገመቹ ጋር ቤታቸው ሄድኩ፣ እሳቸው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ፈለግሁ። በባትሪ ፈለግሁ፣ በጣቴ ዳበስኩ። ጭረት የሚባል የለም። ወደ ገመቹ ዞርኩ፣ እሱ ደግሞ እኔን ያያል።

«አስቴርዬ» አሉ ጋሼ ከውስጥ፣ «እንደ ነበረች ሆነች?»

«እንደ ነበረች ናት፣ ጋሼ።»

«ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ!»

ክዳኑን ያልከፈትኩትን የቀለም ቆርቆሮ እንደያዝኩ «አሜን» አልኩ፣ ምን ልበል።