ልክ ሆነኝ ያለችው ተከታይ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

አሮጊት ቃዠች የምትሉ ካላችሁ በሉ... አልቀየማችሁም። እኔም በሌላ ሰው አፍ ብሰማው እንደዚያው ነበር የምለው።

ግን ከናንተ መካከል ያንን ቪዲዮ በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ። «ስፊው፣ ስፊው» እያላችሁ የጻፋችሁም አላችሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዬ ላይ ተኝታለች። ታች መንገዱ ላይ ሰው ይስቃል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል...

ክፉ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አይጠብቅም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አለን፤ አንዱ መኝታችን፣ አንዱ የስፌት ክፍሌ። የምኖረው ከልጅ ልጄ ጋር ነው። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ለሥራ ብላ ሩቅ አገር ሄዳ እዚያው ቀረች። ልጅቱን ጩጬ እላታለሁ። በቁመት በልጣኝም ጩጬ ነው የምላት። እሷ እምዬ ትለኛለች።

ጩጬ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ ብሎግ ከፈተች። ስለ አሮጌ ልብስ አጠጋገን ነው። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ እጄን ፎቶ ታነሳለች፣ ከሥሩ ትጽፋለች። ጥሩ አድርጋ ነው የምትጽፈው፤ የልጅ ልጄ ስለሆነች አይደለም።

አንባቢ ግን የለም። ያለነው እናቷና እኔ ነን። እናቷ ጊዜ የላትም፤ እኔ መነጽሬን አላገኘውም።

መላ ያመጣው ምድር ቤት ፎቶ ቤት ያለው ጎረምሳ ነው። አንቺ የያዝሽው ጓዳ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ገዢ መጠበቅ ነው አላት። ሰው ወዳለበት ሂጂ። ከጽሑፍሽ ቆንጠር አድርገሽ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ልቀቂ፤ ከጣማቸው ቀሪውን ፍለጋ ብሎግሽ ድረስ ይመጣሉ። ሰዓትሽ አይለዋወጥ። ዘጠኝ ሰዓት ካልሽ ዘጠኝ ሰዓት። ደግሞ አሳትፊያቸው፤ ያረጀ ልብስ ይላኩልሽና እየጠገናችሁ አሳዩአቸው አላት።

እሷም አድራሻችንን ጻፈች።

ልቤ ፈራ። ለማናውቀው ሰው ቤታችንን? አልኳት።

«እምዬ፣ ሰው እኮ ነው። ጅብ አይደለም።»

«ጅብማ በስንት ጣዕሙ። ሲመጣ ይጮኻል።»

ሳቀች። ያ ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ የመጡት የደህና ሰው ልብሶች ነበሩ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ካፖርት፣ የአንዲት አስተማሪ ሹራብ። ተከታዩ ግን እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፤ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

ከዚያ ያ ጥቅል መጣ...

የላኪ ስም የለውም። ውስጡ የሕፃን ቀሚስ ነው። ቢጫ። ግራ ጎኑ፣ ከብብቱ ዝቅ ብሎ ተቀዷል። መቀስ የነካው አይመስልም። ከውስጥ የተገፋ ነው የሚመስለው።

ስነካው ሞቀኝ። ከገላ ላይ አሁን የወለቀ ይመስል።

ጫፉን ገለበጥኩት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልጅ ልብስ ስሰፋ ታች ጫፉ ላይ ጨርቅ አጥፌ እተዋለሁ፤ ልጅ ሲያድግ ተፈትቶ እንዲረዝምለት። ማደጊያ ነው የምለው። የልብሱ ቀለም ምንም ይሁን ማደጊያውን የምይዘው በአረንጓዴ ክር ነው፤ እናትየው ስትፈታው ክሩን ፍለጋ እንዳትቸገር።

ቢጫው ቀሚስ ጫፍ ላይ የአረንጓዴ ክር ቁራጭ አለ። የኔ እጅ ነው። የገዛ ስፌቱን የማያውቅ ሰፊ የለም።

ማደጊያው ግን የለም። ከእጥፋቱ ላይ ተቆርጧል።

እንዲህ ያለ ቀሚስ የሰፋሁት አንድ ብቻ ነው። ለጩጬ፣ ገና በእቅፍ ሳለች። እሱም መኝታ ቤት ሳጥኔ ውስጥ ነው። ሄጄ ከፈትኩ...

አለ። ደህና ነው። ማደጊያውም እንዳለ ነው።

አርጅቻለሁ፣ ሁለት ሰፍቼ ረስቼ ይሆናል አልኩ። ተቀምጬ ሰፋሁት፤ ጩጬ ቀረጸች።

በዚያ ቀን ስልኳ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። የማን ነው ይላል ሰው። ለምን ስሙን ደበቀ ይላል። አንዱ ለሌላው ይልካል፤ የተላከለት ታሪኩን ፍለጋ ብሎጓ ላይ ይገባል። ቁጥሩን ስጠይቃት የከተማ ያህል ሰው ነው እምዬ አለችኝና አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እናቷ እንኳ፣ ደውላ ከደህና ናችሁ የማታልፈዋ እናቷ፣ ቀይ ልብ ልካለች።

ከኮመንቶቹ መሃል አንዷ ፎቶ የላትም። ስሟ «ባለልብሷ» ይላል።

የጻፈችው ይህችን ብቻ ነው።

«ልክ ሆነኝ።»

ሰው ሳቀ። የሕፃን ቀሚስ እኮ ነው። ጩጬም ሳቀች።

ቀሚሱን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅለነው ነበር። በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ሚስማሩ ባዶውን ነው።

ጩጬ የሆነ ቦታ አስቀምጣዋለች ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷ ደግሞ እምዬ አንስታዋለች ብላ አልጠየቀችኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ጥቅል መጣ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ግራ ጎኑ፣ ያው ቦታ ላይ ተቀዷል። ኪሱ ላይ የቀለም እድፍ አለ...

ያን እድፍ አውቀዋለሁ። ጩጬ እስክሪብቶ ፈስሶባት ስታለቅስ በሎሚ ያሸሁት እኔ ነኝ።

ዕቃ የሚያደርሰውን ባለሞተር ማን ሰጠህ አልኩት። አንዲት ተማሪ ልጅ ናት፣ ታች በሩ ጋ ቆማ አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ በጣም በርዷት ነበር አለኝ።

ሳጥኔን ከፈትኩ። የጩጬ ዩኒፎርም ከላይ ተቀምጧል፤ እድፉም አለ፣ ጨርቁም ደህና ነው። ደህና መሆኑን ሳይ ልቤ መለስ አለ። ከሥሩ ያሉትን ልብሶች አልፈተሽኩም።

ሰፋሁ። ጩጬ ለቀቀችው። ባለልብሷ ጻፈች።

«ልክ ሆነኝ።»

አሁን ሰው አልሳቀም። ማን ነሽ ይላታል፣ ፊትሽን አሳዪን ይላታል። እሷ ሌላ ቃል አልጻፈችም። የጩጬ ተከታይ ግን እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ።

እኔ ግን ከሥሩ ያሉትን አለመፈተሼ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ደህና የነበረው ዩኒፎርም... ግራ ጎኑ ተቀዷል።

ከሥሩ ቢጫውን አወጣሁት። እሱም ተቀዷል።

የዚያችን የባለልብሷን በሰፋሁበት ቦታ። ልክ በዚያው።

ጩጬን ጠርቼ አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብል በልቶት ነው አለች። ብል መርጦ ግራ ጎን ብቻ አይበላም አልኳት። የሷን ስሰፋላት የኛ እየተቀደደ ነው፣ ይብቃን አልኳት። ስትሰማኝ ግራ ጎኗን በእጇ ይዛ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቁርጠት ነው እምዬ።»

ልብሷ በሙሉ አስጠላኝ። አዲስ ጨርቅ አውጥቼ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ እንዲህ ያለ ማንም የለውም። ጫፉ ላይ ማደጊያ ተውኩ። ከዚህ በኋላ እኮ የማድገው ወደ ጎን ነው ብላ ቀለደችብኝ። ልማድ ነው አልኳት። ለበሰችው። አማረባት።

ቀሚሱ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታጠብ ባለሞተሩ መጣ።

ጥቅሉን ፈታሁት። ሰማያዊ ነው።

ያው ቀሚስ። ግን ዘመን የኖረ ይመስል ሳስቷል፣ ነጥቷል። ማደጊያው ተቆርጧል። ግራ ጎኑ እስከ ወገቡ ድረስ ተተርትሯል...

«ማን ነው የሰጠህ?»

ባለሞተሩ ግራ ተጋባ። «ልጅዎ ነች እኮ እማማ። ታች ቆማለች።»

ጩጬ አጠገቤ ነበረች። ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ማንም የለም። የበሩ ደፍ ላይ ግን ፀሐይ ያላደረቀው የባዶ እግር ዱካ አለ። የጣቶቹ ጫፍ ወደ ቤት ነው።

ላቃጥለው አሰብኩ። እሳቱ ጩጬን ቢያቃጥላትስ? ልጥለው አሰብኩ። ሌላ ሰው አንስቶ ቢሰፋውስ? መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ጩጬ ግን ቀድማ ለተከታዮቿ ቃል ገብታለች። የሚቀጥለውን ልብስ በላይቭ፣ በዘጠኝ ሰዓት እያያችሁን እንሰፋዋለን ብላ።

«አንቺን ከማጣ ገጹ ድርግም ይበል» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። «እምዬ... ሰው አገኘሁ እኮ። እናቴ እንኳ በየቀኑ ታየኛለች።»

አንጀቴን በላችው። ግን እምቢ አልኩ። እሺ አለች። ደክሞሻል ጋደም በይ አለችኝ። ጫማዬን አወለቀችልኝ፣ እግሬን በጋቢ ሸፈነችልኝ።

ከሳጥኑ አጠገብ ተኛሁ። ምሳ ከበላሁ በኋላ እንቅልፍ አይምረኝም።

ስነቃ አንገቴ ቀሎኛል።

ክሩ ተቆርጧል። በመቀስ፣ ንጹሕ አድርጎ።

ከስፌት ክፍሌ የጩጬ ድምፅ ይሰማል። ለሰዎቿ የምታወራበት፣ ያ ደስ ደስ የሚል ድምፅ...

«ዛሬ አያቴ አርፋለች። የምሰፋው እኔ ነኝ።»

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በመዳፌ መታሁት።

«ጩጬ፣ መርፌውን ጣዪው።»

«እምዬ...» አለች በሹክሹክታ፣ ወደ በሩ ተጠግታ። «ላይቭ ላይ ነኝ። እየሰሙሽ ነው።»

«ይስሙ። ጣዪው የኔ እናት፣ በጡቴ ይዤሻለሁ...»

«ትንሽ ነው የቀረኝ። ሁሉም ስፊው እያሉኝ ነው።»

ከዚያ ክር ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው። ሽው... ሽው... በደንብ ነው የምትሰፋው። እጄን እያየች ያደገች ልጅ ናት።

ሽው...

አንድ ጊዜ ትንፋሿ ቁርጥ ሲል ሰማሁ። መርፌ ጣቱን እንደወጋው ሰው።

ከዚያ ስልኩ ብቻ ይንጣጣል።

መቀርቀሪያው ተከፈተ።

ጩጬ ቆማለች። ትስቃለች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ግራ ጎኗ ላይ፣ ከብብቷ እስከ ወገቧ፣ አረንጓዴ ስፌት ወርዷል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ቀሚስ የለም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እግሯ ባዶ ነው።

ልብስ ሰፊ ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው ወደሚያውቀው ነው። ጎንበስ ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ገለበጥኩት።

ማደጊያ የለውም።

ከላይ ሆና ቁልቁል አየችኝ።

«ልክ ሆነኝ» አለች።

እንዴት ወደ መኝታ ቤት እንደገባሁ አላውቅም። በሩን ቆልፌ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ቢጫው አለ። ዩኒፎርሙ አለ። ከላያቸው አዲሱ ሰማያዊ ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ማደጊያው እንዳለ ነው። ግራ ጎኑ እስከ ወገቡ ተተርትሯል።

አቀፍኩት። ሙቀቱ ገና አልወጣም። የጩጬን ፀጉር ይሸታል።

የዚያችን ስንሰፋ የኛ ከተቀደደ... የኛን ብሰፋስ?

መርፌዬ ላይ አረንጓዴ ክር አስገባሁ። መነጽሬ እንደ ልማዱ የለም። በዳበሳ ጀመርኩ። አንድ ስቤ ሌላ እስብ ጀመር።

ከበሩ ማዶ የባዶ እግር ኮቴ መጥቶ ቆመ።

«እምዬ...»

የጩጬ ድምፅ ነው። ለሰዎቿ የምታወራበት ድምፅ አይደለም። ሕፃን ሳለች ሲያማት የምትጠራኝ ነው፤ ያንን ከኔና ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

«እምዬ... ጎኔን...»

እጄ ቀጥ አለ። ብሳሳትስ? ከበሩ ማዶ ያለችው ጩጬ ብትሆንስ?

«እምዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። ምን እያደረግሽ ነው?»

ጭኔ ላይ ያለው ቀሚስ፣ ግራ ጎኑ፣ እንደ ተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ከፍ አለ... ዝቅ አለ።

ክሩን ሳብኩት።