ጺም የሌላት ሙሽሪት

አሥራ አንደኛውንም ዓሣ አገጩን ይዛ ቀና አድርጋ አየችው። ጺም የለውም። ወደ ሳፋው ወረወረችውና አሥራ ሁለተኛውን አነሣች።

«የሙሽራ ጺም የሚፈልግ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አለች እናቷ፣ ቅርፊት የምትፍቅበትን ቢላዋ ሳታስቀምጥ። «ውኃውን ደግሞ አትርጪብኝ።»

ልጅቱን ሰፈሩ ሁሉ ቁንጫ ነው የሚላት። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አታውቅማ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ወንበሩን የሚነካው ግማሽ ጎኗ ነው። ያን ቀን ደግሞ ብሶባታል። የሳይንስ መምህሩ የሰጣቸው ቅጽ ከሰዓት በፊርማ ይገባል። ቅጹ ላይ የሐይቁ ዓሦች ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ ፊት «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መጻፍ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ውኃ ቢሮ ይሄዳል፤ ቢሮውም የትኛው ዳርቻ እንደሚጠበቅ፣ ከየትኛው አሸዋ እንደሚወጣ በሱ ይወስናል ተብሏል።

ሁሉንም ሞልታ «ሙሽሪት» ላይ ስትደርስ ተገተረች። ከስሟ ሥር በደቃቅ ፊደል «አገጯ ላይ ሁለት ጺም፣ ጀርባዋ ላይ እንደ ቬሎ የሚዘረጋ ነጭ ክንፍ» ይላል። እናቷ ስንት ዓመቷ ሙሽሪት ስትሸጥ! የዓሣ መሸጫዋ በር ላይ እንኳ በቀይ ቀለም «ሙሽሪት ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ሳፋው ውስጥ ግን ጺም ያላትም ቬሎ የለበሰችም የለችም።

«እማዬ፣ ይሄ ሙሽሪት ነው?»

«አይ፣ ሚዜዋ ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ጓደኛዋ ሬዲዮ ከጎን ሆና ትስቃለች። ሬዲዮ የተባለችው ለምን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። «ላሽ በይው ቁንጢ። ሁሉም 'አለ' ነው ያለው። ያምና ልጆችም 'አለ' ብለዋል፣ እኛም ከነሱ ነው የገለበጥነው።»

«አንቺ አይተሻታል?»

«በየሳምንቱ እበላታለሁ እኮ። ከመብላት በላይ ምን ማየት አለ?»

ቁንጫ ግን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ፣ ወረቀቱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጀልባ መቆሚያው በረረች።

እዚያ ካፒቴኑ መረብ ይጠግናሉ። ካፒቴን የተባሉት እንዲያው ነው፤ በዕድሜያቸው ከሁለት ሰው በላይ የምትይዝ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።

«አባባ፣ ጺም ያላት ሙሽሪት ያውቃሉ?»

ሽማግሌው መርፌያቸውን ይዘው ቀሩ። «እሷን ማን ነገረሽ?»

«የውኃ ቢሮው ወረቀት። የት ነው የማገኛት?»

«የትም። አለቀች እኮ ልጄ።» በመርፌያቸው ወዲያ አመለከቷት። «ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት አሸዋ ነበረ። እንቁላሏን እዚያ ካልሆነ አትጥልም፣ ኩሩ ናት። ገልባጭ መኪኖቹ መጥተው አሸዋውን ዝቀው ሄዱ፤ ትምህርት ቤታችሁም በሱ ነው የተሠራው። የተረፉትን ደግሞ እኛ በዚህ በደቃቅ መረብ እናትና ልጅ ሳንል ለቀምናቸው።»

«ሌላ ሐይቅስ?»

«እዚህ ብቻ ነበረች።»

«ታዲያ እናቴ የምትሸጠው ምንድን ነው?»

«እሱን ከሌላ አገር በበርሜል አምጥተው ነው የለቀቁት። ስም አልነበረውም። ሰዉ ደግሞ ሙሽሪት ካላልነው አልገዛ አለ። እናትሽም 'ሙሽሪት' አለችው፣ እኔም አልኩት፣ በዚያው ቀረ።»

ቁንጫ በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው አሸዋውን ትጭራለች። «መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«አንቺ ስትድሂ። ሁለት ነበሩ መረቤ ውስጥ።» ፈገግ ሊሉ ፈልገው አልሆነላቸውም። «ጠብሰን በላናቸው። የመጨረሻዎቹ ናቸው ብሎ የነገረኝ አልነበረማ።»

«ለምን ለሰው አልተናገሩም ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ? ስሟ በየቀኑ ገበያ ላይ ይጠራል። ስሟ እየተጠራ ሞተች ብል ማን ይሰማኛል?» መረቡን ጎተት አደረጉት። «አሁን ደግሞ በወዲያኛው ዳር አሸዋ ሊቆፍሩ ነው አሉ። የቀሩት ዓሦች የሚራቡት እዚያ ነው። ወረቀቱ ሁሉም 'አለ' ካለ ቢሮው ምን ብሎ ያግዳቸዋል?»

ስትመለስ ሮጣ ነው፤ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ። እናቷ ገና ሁለት ቃል ሳትሰማ «አውቃለሁ» አለቻት።

«ታውቂያለሽ?»

«ዓሣ ነው የሸጥኩት፣ ድንጋይ አልሸጥኩ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና በዓይኗ ወደ ጎን ጠቆመች። ጎን ያለችው ነጋዴ ከንፈሯ ሲገጠም ያየ የለም፤ ጠዋት የሰማችውን ለምሳ ሳይደርስ ሐይቁን ታዞረዋለች። «ይቺ ትስማና 'ስንት ዓመት ስታታልለን' ብላ ታዳርሰው? ነገ በምን ፊቴ ነው እዚህ የምቆመው? 'አለ' በይና ስጪ። የአንቺ 'የለም' እንደሆነ አያስነሣት።»

ሬዲዮ ሳቋን ትታ ከሳፋው አንድ ዓሣ አነሣችና አገጩን አየች።

በዚህ መሃል ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ምሳ ሰዓቱ ነው፣ ይቸኩላል። ቅርብ የቆመችው ቁንጫ ነበረች።

«ማነሽ፣ ሙሽሪት አለ?»

ቁንጫ እናቷን አየች። እናቷም አየቻት። ቢላዋው ቆሟል።

«የለም» አለች ቁንጫ። «አልቃለች።»

ሰውየው ሳፋውን አየ፣ ቁንጫን አየ። «ምነው ገና በምሳ ሰዓት? ነገ ትመጣለች?»

«አትመጣም። አለቀች ማለቴ… ከሐይቁ ነው ያለቀችው። ይሄ ሌላ ዓሣ ነው። ስሙን አናውቀውም።»

ጎን ያለችው ነጋዴ አንገቷን እንደ ዝይ አወጣች።

«ስም የለውም?» ልብስ ሰፊው ራሱን አከከ። «እና እስከዛሬ የበላሁት?»

«ይሄንኑ ነው።»

ትንሽ አሰበ። ሊናደድ ነው ወይስ ሊስቅ ለራሱም የለየለት አይመስልም። በኋላ «ቆይ፣ ልምጣ» ብሎ ሄደ፤ ምንም ሳይገዛ።

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቁንጫ ጩኸት ጠብቃ ትከሻዋን ሰበሰበች፤ ጩኸት ግን አልመጣም። ወረቀቱን ከብብቷ አውጥታ መጻፊያ ቦታ በዓይኗ ፈለገች። ያለው ጣውላ ሁሉ ውኃና ቅርፊት ነው። ጉልበቷ ላይ ልትጽፍ ቁጢጥ አለች።

«ተነሺ ከዚያ» አለቻት እናቷ።

ቅርፊቱን በክንዷ ጠርጋ ጣለችው። ሽርጧን ፈታች፣ ደረቁን ገጽ ወደ ላይ ገልብጣ ጣውላው ላይ አነጠፈችላት። ከዚያ ፊቷን አዙራ ሳፋውን ማጠብ ጀመረች።

ቁንጫ ወረቀቱን እዚያ ላይ ዘረጋችው። በትልቁ፣ እንዲነበብ አድርጋ «የለም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ስሟን።