ያልታጠበ ጣት

«ምንም አልሰጠሁትም አልኩሽ! የታዘዘውን ጠብታ ብቻ! ሌላ ምን ልስጠው?»

«ጠብታው ሞቷል፣ ጌጤነሽ። ለሁሉም የሰጠነው የሞተ ነው። ታዲያ ያንቺ ልጅ ብቻውን እንዴት ፋፋ?»

«እግዚአብሔር ነዋ! ቀናሽ እንዴ? ደግሞ አራስ አይደለሽ? ብቻሽን ምን ልትሆኚ ወጣሽ?»

ከበሩ ጉበን ላይ ጭጋግ መረጨት ጀመረ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ክንዳቸውንም ዘረጉ። በንጽሕት ከተማ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ በዚህ ተሕዋስያን ገዳይ ርጭት ይታጠባል፤ ጠብም ቢሆን እስኪያበቃ ይጠብቃል። ጭጋጉ ሲቆም ጌጤነሽ በሩን ልትዘጋ ገፋችው። ትርንጎ እግሯን መሃል አስገባች።

«ልጄ እየሞተች ነው» አለች።

ትርንጎ የሕፃናት ማቆያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በዚህች ከተማ እናት ከመውለዷ በፊት በመድኃኒት ትታጠባለች፤ ስለዚህ ሕፃኑ ከእናቱ የሚያገኛቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አይደርሱትም። በምትካቸው «ዘር» የሚባል ጠብታ ምላሱ ላይ ይደረግለታል፤ ወተት የሚፈጩለትና ከበሽታ የሚጠብቁት፣ ከአንድ ጋን የሚቀዱ ባክቴሪያዎች ማለት ነው። ለረጅም ዘመን ደህና ሠራ። በዚህ ወር ግን ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ ጋኑ ውስጥ ገባ፤ ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበርና አንዱም አልተረፈ። የአዋቂዎቹ ሆድም ከዚያው ጋን የተዘራ ነውና ቫይረሱ እዚያም ደረሰ። እነሱ ለጊዜው ቻሉት፤ ለልጆቻቸው የሚያካፍሉት ግን አልነበራቸውም። የጨቅላዎቹ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የጠቡት ወተት እንዳለ ይወጣ ጀመር። ትናንት አንዱ ሞተ። ዛሬ ጠዋት የትርንጎ ልጅ ማልቀስ አቆመች።

«አንዴ ብቻ ልየው» አለች ትርንጎ። መልስ ሳትጠብቅ ገብታ ሆድ አንባቢዋን ሕፃኑ እምብርት ላይ አኖረች። መዳፍ የምታህል መስታወት ናት፤ አንጀት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የባክቴሪያ ዓይነት በየቀለሙ ብርሃን ታሳያለች። በልጇ ሆድ ላይ ጥቁር ሆና «ንጹሕ» ብላ ጽፋ ነበር። እዚህ ግን አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው እንደ መስከረም ሜዳ ፈካ፤ ከሥሩም «የተበከለ» የሚል ቃል መጣ።

ጌጤነሽ ቃሉን አንብባ ልጇን እቅፏ ውስጥ ሸጎጠችው። «ለጥበቃዎች ልትነግሪ ነው!»

ትርንጎ አልሰማቻትም። ጠረጴዛው ላይ ገንፎ አይታለች፤ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሞላበት። የከተማው ማብሰያ ማሽን ገንፎ አያውቅም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ማን ነው የሚያርስሽ?»

ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሳል ተሰማ። ጌጤነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እናቴ ናት። የመጀመሪያ ልጄን ያለ እናቴ ልታረስ? በእህል መኪና ደብቄ አስገባኋት። ካወቁ ከነልጄ ያባርሩናል። ውጭ ደግሞ ድርቅ ነው።»

እማማ ዘርፌ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቢሆንም መጀመሪያ ትርንጎን አዩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።»

እስካሁን ይህን ያላት ሰው አልነበረም። በማቆያው የተነገራት «ሂደቱ ተጠናቋል» የሚል ነበር።

«እማማ፣ ለሕፃኑ ምን ሰጡት?»

«ቅቤ ነዋ። ከቤቴ ያመጣሁትን፣ እንደ ወጉ በጣቴ። አጠፋሁ?»

ትርንጎ መስታወቷን የአሮጊቷ ሆድ ላይ አኖረች።

«አርግዘሻል እንዳትይኝ ብቻ» አሉ እማማ ዘርፌ።

ብርሃኑ መስታወቱን ሞላው። ብዙውን ትርንጎ በትምህርት ቤት በሥዕል ብቻ ታውቀዋለች። ለአንዳንዱ «ስም የለውም» ይላል። ሁለት ቀያዮችም ነበሩ።

«ቀዩ ምንድን ነው?» አለች ጌጤነሽ።

«በሽታ።»

«ታዲያ ይህን ለልጅሽ ሰጥተሽ በገዛ እጅሽ ልትገድያት ነው?»

ትርንጎ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ደጉን ከክፉው ለይቶ ማበጠር ሳምንታት ይፈጃል። ልጇ ደግሞ ነገን ላታይ ትችላለች።

«እማዬ፣ አትሄጂም!» አለች ጌጤነሽ።

«ያንቺን አፋፍቼ የሷን ልቅበር?» አሉ እናቷ፣ ከቅቤው ቆንጥረው እየጨበጡ። ወደ ትርንጎ ዞረውም «ብቻ ልጄ፣ ከያዙኝ የጌጤነሽን ስም እንዳትጠሪ» አሉ።

«አልጠራም። እኔ ነኝ ያስገባኋቸው እላለሁ።»

የማቆያው በር ላይ ትርንጎ ጆሯቸው ሥር ሹክ አለች፤ «ጭጋጉ ሲመጣ እጅዎን እንዳይከፍቱ።» እማማ ዘርፌ ጭብጣቸውን በነጠላቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ደበቁ። ርጭቱ ሲወርድባቸው «በስመ አብ» አሉ። ጠባቂው ቀና ብሎ ከትርንጎ ጋር መሆናቸውን አየና መልሶ አቀረቀረ።

ውስጥ ዝምታ ነበር። ያን ሁሉ ሕፃን ይዞ ድምፅ የሌለበት ክፍል አሮጊቷን ከጠባቂው በላይ አስፈራቸው። ጭብጣቸውን ፈቱ። የቀለጠውን ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ነክተው የትርንጎ ልጅ ከንፈር ላይ አኖሩ። ሕፃኗ አልተንቀሳቀሰችም። ቆይቶ ትንሿ አፍ ጣቱን ያዘች፤ በደከመ ጉልበት መጥባት ጀመረች።

አጠገባቸው የተቀመጠች እናት ብድግ አለች። «ምንድን ነው ያደረጋችሁላት?»

«ከውጭ የመጣ ነው» አለች ትርንጎ። «ሊያድን ይችላል። ሊገድልም ይችላል።»

ሴትዮዋ በልጇ አልጋ ላይ ያለውን ሆድ አንባቢ መስታወት ተመለከተች፤ እሱም ጥቁር ነበር። ከዚያ የልጇን መሸፈኛ ገለጠች። «የኔንም» አለች። ቀጥሎ ሌላዋ፤ ከዚያም ሌላዋ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል በትርንጎ ልጅ ሆድ ላይ አንዲት ነጥብ በራች። ወዲያው ከክፍሉ ጥግ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ሌላውም ተከተለው። እናቶቹ ከመስታወት ወደ መስታወት ተሯሯጡ። ጠባቂው ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ ገባ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር።

ትርንጎ ነጥቧን አየቻት። «ስም የለውም» ይላል ጽሑፉ። ከእማማ ዘርፌ እናት፣ ከእናታቸው እናት፣ ከላሟም ከአፈሩም እጅ በእጅ የመጣች እንግዳ ናት፤ ወዳጅ ትሁን ጠላት አይታወቅም። ከተማዋ በቅጥር የከለከለችው ዓለም በልጇ ሆድ ውስጥ ጎጆ ቀልሷል፤ ከእንግዲህ ማንን ነው የሚያባርሩት? መዳፏን ያበጠው ሆድ ላይ አሳረፈች። አሁንም ትፈራለች። ንጹሕ ብለው ሲጠብቁት የኖሩት ገላ ግን ባዶ ቤት እንደነበረ ገባት፤ ሰውም ለካ ሰው የሚሆነው ሌላው ሲገባበት ነው።

«ቢጫ! ቢጫ በራ!» አለች አንዷ እናት፤ ሁሉም ወደዚያ ተሰበሰቡ።

እማማ ዘርፌ ሲገቡ ያወለቁትን ጫማ ከበሩ ሥር ፈልገው አጠለቁ። ነጠላቸውን አጣፉና፣ ማንም ስለ ልጃቸው ሳይጠይቃቸው፣ በባዶው መተላለፊያ ወደ ከተማዋ መውጫ ሄዱ።