የሹፌሩ የመጨረሻ በርገር

ሹፌሩ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ የተገኘው በገዛ እጁ የሠራውን ደብል ቺዝበርገር ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ነው። ሐኪሙ «ጉሮሮው አብጦ ተዘግቷል፤ ኦቾሎኒ ነው» አለ። ኦቾሎኒ ለዚያ ሰው መርዝ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከቤቱ ደጃፍ አንዲት ፍሬ አታልፍም ነበር።

ታናሽ ወንድሙ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ በለቅሶተኛው ፊት ጣቱን በሚስቲቱ ላይ ቀሰረ። «እሷ ናት የገደለችው!»

ከዚያ ወዲያ ሚስቲቱን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ እጇን ጨብጦ ያጽናናት የለም። እሷም አልተከራከረችም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እብቁን ስለምታስቀር።

«ባልሽን ማን ገደለው?» አለቻት።

«እኔ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«መጥበሻው ሸተተኝ፣ ልጠበው ስለው ከእጄ ነጠቀኝ። ተናደድኩ። ‹በል ራስህ ጠብሰህ ራስህ ብላ!› ብዬው እህቴ ጋ ሄድኩ። እዚህ ብኖር ኖሮ የአለርጂውን መርፌ እወጋው ነበር።»

«በቃል ሰው የሚሞት ቢሆን፣ እኔ ባሌን ስንቴ በቀበርኩት» አለች ወንፊት። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም።

ወንፊት በርገሩ ላይ አጎነበሰች። የላይኛውን ዳቦ አነሳች፤ ንጹሕ ነው። ቺዙም ስጎውም ደህና። ሁለቱን ሥጋ በሹካ ገለበጠቻቸው። አንደኛው ሆዱ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቀይ ነገር ተለጥፎበታል፤ ሌላው ምንም የለበትም።

ከጓሮ ክፍል የሚኖረውን ተከራይ ጠራችው። ጡረተኛ ቀለም ቀቢ ነው፤ ወሬ ስለማያድርበት «ሬዲዮ» ይሉታል።

«ጋሼ፣ መጥበሻውን ነክተዋል?»

«ያንን ጥቁር ጉድ? የራሴ ምድጃ አለኝ፣ ልጄ! ይልቅ ሹፌሩ በሞተ ዋዜማ ባልና ሚስቱ ሥራ ላይ ሳሉ ታናሽየው እዚህ ብቻውን ኳስ ያይ ነበር። በዚያ ብርድ መስኮቱን ሁሉ በርግዶ! ‹ሰውዬ፣ ተቃጠልክ እንዴ?› ብዬ ስቄበታለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ተራው ሲደርስ መቀመጥ አቃተው።

«ይሄ መጥበሻ አይታጠብም?»

«ኧረ በጭራሽ! የወንድሜ ሕግ ነው። ብረት ሳሙና ከነካው ሥጋው ይጣበቃል። በሶፍት ጠረግ፣ በቃ።»

«ሚስቱስ?»

«እሷማ ካገኘችው በሳሙና ትፈትገዋለች! ስንቴ ተጨቃጨቁበት መሰለሽ...» አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወንፊት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መጥበሻው የሚይዘው አንድ አንድ ሥጋ ነው» አለች። «ቀዩ የኦቾሎኒ ገለባ ያለው አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የተጠበሰው የመጥበሻውን ትራፊ ጠርጎ አነሳው ማለት ነው። ስለዚህ ኦቾሎኒው በርገሩ ውስጥ አልተጨመረም፤ ከሥጋው በፊት እዚያው መጥበሻው ላይ ተቆልቷል። ማን ቆላው? ሚስቲቱ ብትሆን በሳሙና ትፈትገው ነበር፤ ሰውዬውም ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ሬዲዮ የራሱ ምድጃ አለው፤ እዚህኛው ጋ አይደርስም። የቆላው ሽታውን በመስኮት ያስወጣ፣ ከዚያም የሹፌሩን ሕግ አክብሮ በሶፍት የጠረገ ሰው ነው። ሊገድል አላሰበም። የወንድሙን ቃል ስላከበረ ገደለው።»

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ወድቆ ሳየው ነው የገባኝ» አላት ልብስ ሰፊዋን። «ፈራሁ፣ እትዬ። አፌ ቀደመኝ።»

«መቁላትህን ሕጉ ቸልተኝነት ይለዋል» አለች ወንፊት። «እያወቅህ እሷ ላይ ማላከክህን ግን እኔም ምን እንደምለው አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። የምትመታው መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ለቅሶተኛው ወደተቀመጠበት ግቢ የሚያወጣውን በር ከፈተች።

«ውጣ» አለችው። «በከሰስክበት አፍህ ንገራቸው። ስትጨርስ ከጎኔ ተቀመጥ። እኔም ትቼው ሄጃለሁ፤ አብረን እንቀብረዋለን።»

የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው። ክንዱን ይዛ ያወጣችው እሷው ነበረች።